የወንዝንም ድንበር አትግፋ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የባልንጀራን ድንበር መግፋት ኃጢአት መሆኑን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንማር አድገናል። ሊቀ ነቢያት ሙሴ የባልንጀራውን የድንበር ምልክት የሚነቅል ሰው ርጉም መሆኑን ከተናገረ በኋላ ሕዝቡ ሁሉ አሜን እንዲል አዝዟል (ዘዳ. 27፥17)። ጠቢቡ ሰሎሞንም አባቶች የተከሉትን የጥንት ድንበር እንዳናፈልስ አስጠንቅቋል (ምሳ. 22፥28)። በገጠር የሚኖሩ አባቶቻችንና እናቶቻችንም አንዲት ትልም ወደ ጎረቤቱ ማሳ የገፋውን ሰው እንደ ሌባ ይቆጥሩታል፤ በሽማግሌ ይወቅሱታል፤ ካልተመለሰም ከዳኛ ፊት ያቆሙታል።

በዚህች አጭር ጽሑፍ ልንነጋገርበት የወደድነው ግን ድንበሩ ሲገፋ ስለማይጮኽ ጎረቤት ነው። ይህ ጎረቤት ሽማግሌ አይልክም፤ አቤቱታ አይጽፍም፤ ምስክር አይቆጥርም። ዝም ብሎ ይቆይና በነሐሴ ወር ርስቱን ራሱ ሊያስመልስ ይመጣል። ይህም ጎረቤት ወንዝ ነው።

ሀ. ለውኃ ድንበር የሠራ እግዚአብሔር ነው

ቅዱስ መጽሐፍ ስለ ፍጥረት ሲነግረን ደጋግሞ የሚያነሣው ነገር ወሰን ነው። በሦስተኛው ቀን እግዚአብሔር ውኃውን ወደ አንድ ስፍራ ሰበሰበ፤ የብሱም ተገለጠ (ዘፍ. 1፥9)። ቅዱስ ዳዊት ለውኃ የማያልፈው ወሰን እንደተደረገለት ይዘምራል (መዝ. 103፥9)። ጻድቁ ኢዮብም እግዚአብሔር ለባሕር በርና መወርወሪያ እንዳደረገላት፣ ማዕበሏም የሚቆምበትን ስፍራ እንደወሰነ ከራሱ ከፈጣሪ ሰምቷል (ኢዮ. 38፥8-11)። እንግዲህ ልብ እንበል። ውኃ ወደ ሰው እንዳያልፍ ወሰን የተሰጠው ከሆነ፣ ሰውም ወደ ውኃ የማያልፍበት ወሰን አለው ማለት ነው። ለአንድ ወገን ብቻ የሚሆን ወሰን የለምና።

ይህ ወሰን ታዲያ የት ላይ ነው? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቦታ ሊያይ ወይም ሊያጥር የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው በበጋ ነው። በጥር ወር ሲያየው ወንዙ በድንጋይ መካከል የሚሾልክ ቀጭን ውኃ ነው፤ ከግራና ከቀኙ ያለውም ሣር ባለቤት የሌለው ባዶ መሬት መስሎ ይታየዋል። ነገር ግን ወንዝ ሁለት ስፋት አለው፤ የበጋና የክረምት። መጽሐፈ ኢያሱም ሕዝበ እስራኤል ዮርዳኖስን በተሻገሩበት ወራት ወንዙ ዳርቻውን ሁሉ ሞልቶ እንደነበር ያስታውሰናል (ኢያ. 3፥15)። ስለዚህ በበጋ ባዶ የሚመስለው ዳርቻ የወንዙ ርስት ነው፤ በአጠገቡ ያለው ረግረግና ጨፌም እንዲሁ። በዓመት ጥቂት ወራት ብቻ ስለሚጠቀምበት የእርሱ አይደለም ልንል አንችልም። ገበሬ ማሳውን ጦም ሲያሳድረው ሌላ ሰው ቢያርስበት ድንበር ገፍቷል እንል የለምን?

ለ. የሰፈራችን ወንዞች

የእኛ አካባቢ፣ ይኸውም ከቦሌ ጀምሮ እስከ ገርጂ፣ ጎሮ፣ ሲኤምሲ፣ ሰሚትና ቡልቡላ ድረስ ያለው አገር፣ የውኃ አገር ነው። ከእንጦጦ ተራራ የሚነሡት ቀበናና ግንፍሌ፣ ከመሐል ከተማ የሚወርደው ባንቲይቀጡ፣ በእኛ በኩል ያለው ቡልቡላ ሁሉም በመጨረሻ ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባሉ። ትልቁ አቃቂም ከምዕራብ በኩል እንደሚወርደው እንደ ትንሹ አቃቂ ሁሉ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይደርሳል፤ ውኃው ከዚያ ወደ አዋሽ ይሄዳል።

የቦታዎቹ ስሞች ራሳቸው ይመሰክራሉ። በምሥራቁ የከተማችን በር ያሉት ለገጣፎና ለገዳዲ የተጠሩበት «ለገ» የሚለው ቃል በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ነው። «ጨፌ»ም ከዚያው ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ውኃ ያዘለ ለምለም መስክ ማለት ነው። የጥንቱ የገዳ ሸንጎ በጨፌ ላይ ይቀመጥ ስለነበር ዛሬም የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት በዚሁ ስም ይጠራል። ሰዎች ተሰብስበው ሕግ የሚያወጡበት ስፍራ ይህ ርጥብ መስክ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ደግሞ መስኩ ራሱ ሕግ የሚያስፈልገው ሆኗል።

የቦሌ ሜዳ አፈር በብዛት መረሬ ነው። መረሬ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ከጠገበ በኋላ ግን ውኃውን ወደ ታች ቶሎ አያሳልፍም። ከዚህም የተነሣ የክረምቱ ዝናም በሜዳው ላይ ተኝቶ ይቆይና ቀስ በቀስ ወደ ወንዝ ይወርድ ነበር። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሲሠራ አካባቢው በአብዛኛው እርሻና ግጦሽ ነበር። ዛሬ ሜዳው ቤት፣ አስፋልትና ኮንክሪት ሆኗል። ከጣራና ከመንገድ የሚወርደው ዝናም የሚተኛበት መስክ ስለሌለው በአንድ ጊዜ ወደ ወንዝ ይሮጣል። ወንዙ ደግሞ ዳርቻው በአጥር ተወስዶበት ጠቧል። ብዙ ውኃ በጠባብ መንገድ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም።

ድንበሩ የሚገፋው እንዴት ነው ቢሉ፣ በአንድ ቀን አይደለም። በመጀመሪያ ለሌላ ሕንፃ የተቆፈረ አፈር በሌሊት በገልባጭ መኪና መጥቶ በወንዙ አፋፍ ይደፋል። ቀጥሎ በረግረጉ ላይ ገረጋንቲ ይነጠፋል። በሚመጣው በጋ የቆርቆሮ አጥር ይቆማል፤ ከዚያ የግንብ አጥር ይተካዋል። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ «ድሮም እዚሁ ነበር» ይባላል። ፍልስጥኤማውያን በይስሐቅ ቀንተው አባቱ አብርሃም ያስቆፈራቸውን የውኃ ጉድጓዶች በአፈር እንደደፈኑ በኦሪት ተጽፏል (ዘፍ. 26፥15)። እነርሱን ያነሣሣቸው ቅናት ነበር፤ የዛሬውን የሚያነሣሣው የመሬት ዋጋ ነው። ሥራው ግን አንድ ነው፤ የውኃን ስፍራ በአፈር መድፈን ነው።

ሐ. ድንበር ሲገፋ የሚከተለው

ጌታችን ቤቱን በዐለት ላይ ስለሠራው ልባምና በአሸዋ ላይ ስለሠራው ሰነፍ ሰው አስተምሮናል (ማቴ. 7፥24-27)። ይህን ምሳሌ ስለ እምነትና ስለ ምግባር እንተረጉመዋለን፤ ትርጓሜውም ትክክል ነው። ሆኖም ምሳሌው በምድር ላይ ካለ እውነት የተነሣ ነው። አሸዋ የሚገኘው ወንዝ በሚያልፍበት ስፍራ ነውና፣ ሰነፉ ሰው የሠራው ወንዝ በሚመጣበት ስፍራ ነበር። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወረደው ከባድ ዝናም ባስከተለው ጎርፍ ሰባት ሰዎች ሞተዋል። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። እንዲህ ያለውን ሁሉ የእግዚአብሔር ቁጣ ብለን ማለፍ ይቀለናል። ነገር ግን ዝናም የእግዚአብሔር በረከት ነው፤ ለበረከቱ የተተወውን መንገድ የዘጋው ሰው ነው።

ረግረግ ሲደፈን የሚጎዳው በጎርፍ በኩል ብቻ አይደለም። ደንገሉና ሣሩ የውኃውን ፍጥነት ይገታሉ፤ ደለሉ ይዘቅጣል፤ ሥሮቹና በጭቃው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ፍጥረታት ከቆሻሻው ብዙውን ይይዛሉ፤ ያፈርሳሉ። ረግረግ እግዚአብሔር ያለ ደመወዝ ያቆመው የውኃ ማጣሪያ ነው ማለት ይቻላል። እርሱ ሲጠፋ የመጸዳጃ ቤቱ፣ የጋራዡ፣ የመኪና እጥበቱና የፋብሪካው ፍሳሽ ሳይጣራ ወደ ታች ይሄዳል።

ወደ ታች ደግሞ ሰው አለ። በአቃቂ ወንዝ ውኃ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጎመንና ሌላም አትክልት ይለማል። በተለያዩ ዓመታት በተደረጉ ጥናቶች በእነዚህ አትክልቶች ላይ እንደ ክሮሚየምና ካድሚየም ያሉ ለጤና የሚያሰጉ ከባድ ብረቶች ተገኝተዋል። አትክልቱ ተመልሶ ወደ ከተማ ገበያ ይወጣል። በጾም ወራት ከሥጋና ከወተት ተከልክለን የምንበላው ምግብ ይህ መሆኑን እናስብ። ነቢዩ ሕዝቅኤል ጥሩውን ውኃ ጠጥተው የቀረውን በእግራቸው የሚያደፈርሱትን በጎች ወቅሷል፤ ሌሎቹ በጎች ያንኑ የደፈረሰውን ይጠጡ ነበርና (ሕዝ. 34፥18-19)። በላይ ያለ ሰው የሚጥለው ነገር በታች ላለው ወንድሙ ማዕድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ከእንጦጦ ተራራ ምእመናን ለፈውስ የሚጠመቁበት ጠበል ይፈልቃል፤ የቀበናም መነሻ ያው ተራራ ነው። በላይ በጸሎትና በጾም የምንቀርበው ውኃ ጥቂት ወርዶ የቆሻሻ መጣያ ይሆናል። በጥምቀት በዓል ታቦታቱ ወደ ወራጅ ውኃ መውረዳቸው ጌታ በዮርዳኖስ መጠመቁን የምናስብበት ሥርዓት ነው፤ በገጠር ዛሬም እንዲሁ ይደረጋል። በከተማችን ግን በብዙ ቦታ ታቦታቱ የሚያድሩት በግንብ ገንዳ አጠገብ ነው። በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ታቦት ሊወርድበት የሚችል ንጹሕ ወንዝም የበዓሉ ቅርስ መሆኑን መርሳት የለብንም።

መ. ሕግ ለምን ያስፈልጋል?

አንዳንድ ወንድሞች «ሰው ልቡን ካጸዳ ወንዙም ይጸዳል፤ ሕግ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። በቅዳሜ ቀን ወጥቶ ቆሻሻ መልቀምም በቂ የሚመስላቸው አሉ። ሁለቱም መልካም ናቸው። ነገር ግን መቶ ወጣቶች በአንድ ቀን የለቀሙትን የወንዝ ዳር፣ በአንድ ፊርማ የተሰጠ አንድ ካርታ ለዘለዓለም ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ መሬት ለምን ሥራ እንደሚውልና ለምን እንደማይውል የሚወስን ሕግ ያስፈልጋል።

ይህ ለሃይማኖታችን እንግዳ ነገር አይደለም። እግዚአብሔር ለሌዋውያን ከተሞች ሲሰጥ በየከተማው ዙሪያ በክንድ ተለክቶ መሰምርያ፣ ማለት የከብት ማሰማሪያ መስክ፣ እንዲተውላቸው አዝዟል፤ ልኩም በየአቅጣጫው 2,000 ክንድ ነበር (ዘኍ. 35፥2-5)። ያም መስክ እንዳይሸጥ ከልክሏል (ዘሌ. 25፥34)። ቤታቸውን ይሸጡ ዘንድ ፈቅዶ መስኩን ግን ለምን ከለከለ ብለን ብንጠይቅ፣ ቤት የአንድ ሰው ነው፤ መስኩ ግን የከተማው ሁሉና የሚመጣው ትውልድ ነውና።

አባቶቻችንም ይህን በሥራ አሳይተውናል። በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ ተራሮቹ በእርሻ ተራቁተው ሳለ በየአድባራቱና በየገዳማቱ ዙሪያ ደን ቆሞ እናያለን። ደኑን ያቆየው የአንድ ቀን ዘመቻ አይደለም። ከቅጽሩ ወዲህ ማረሻ አይገባም፤ ምሳርም አይነሣም የሚል ድንበር ስለነበረና ሁሉም ስላከበረው ነው። የወንዝ ዳርቻም እንዲህ ያለ ቅጽር ያስፈልገዋል።

የአገራችን ሕግም ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 የውኃ ዳርቻዎች እንዲከለሉ፣ በተከለለውም ውስጥ ዛፍ መቁረጥና መኖሪያ ቤት መሥራት እንዲከለከል ሥልጣን ይሰጣል። በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 299 ስለ አካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ፣ አዋጅ ቁጥር 300 ስለ ብክለት ቁጥጥር ወጡ። በ2009 ዓ.ም. የጸደቀው የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን ከከተማው መሬት 30 በመቶ ለአረንጓዴ ስፍራ፣ 30 በመቶ ለመንገድ፣ 40 በመቶ ለግንባታ እንዲሆን አሰበ። በ2011 ዓ.ም. ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው የወንዝ ዳርቻ ልማት ተጀመረ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወንዝ በሚበክሉ ላይ መቀጮ የሚጥል የከተማ ደንብ በሥራ ላይ ዋለ። እንግዲህ የጎደለው የሕግ ጽሑፍ አይደለም። የጎደለው የድንጋይ ምልክቱን በምድር ላይ ተክሎ ማስከበር፣ ሌሊት የሚደፋውንም አፈር በዚያው ሌሊት ማስቆም ነው።

ሌሎች አገሮችም ድንበር ከገፉ በኋላ ብዙ ከፍለው ተመልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1858 የለንደን ሰዎች ቴምዝን የቆሻሻ ቦይ አድርገውት ሽታው ፓርላማውን ስላስጨነቀ ታላቁን የፍሳሽ መስመር ለመሥራት ተገደዱ። በኮሪያ ዋና ከተማ በሴኡል በመንገድ የተሸፈነውን የቾንጌቾን ወንዝ እንደገና ለማውጣት እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2005 በላዩ የተሠራውን አውራ ጎዳና አፍርሰዋል። እኛ ገና ያልተሸፈነና ያልተደፈነ ረግረግ አለን። ያልፈረሰውን መጠበቅ የፈረሰውን ከመሥራት ይቀላል።

ሠ. ድሆችስ?

እዚህ ላይ ሊነሣ የሚገባው ከባድ ጥያቄ አለ። በወንዝ ዳር የሚኖሩት ብዙዎቹ ሌላ መጠጊያ ያጡ ድሆች ናቸው። የወንዝን ድንበር እናስከብር ስንል ከክረምት ጎርፍ ያተረፍነውን ሰው በበጋ ሜዳ ላይ ልንጥለው ነውን?

መጽሐፍ ቅዱስ ለዚህም መልስ አለው። ንጉሡ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ የፈለገው የአትክልት ስፍራ ሊያደርገው ነበር (1ኛ ነገ. 21፥2)። አትክልት መትከል በራሱ ክፉ አይደለም። ኤልያስን ያስነሣው ግን የደካማውን ርስት በግፍ መውሰዱ ነው። ስለዚህ ወንዙን ለማዳን ሲባል ናቡቴን መግደል አይገባም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ሁለቱን ነገር ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። በመጀመሪያው ክፍል ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል፤ በሁለተኛው ክፍል በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ሰዎች ተመጣጣኝ ካሣ፣ በቂ እርዳታ ተሰጥቷቸው ወደ ሌላ ቦታ መዛወርንም ጨምሮ፣ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። ሁለቱን ክፍሎች መነጠል ተገቢ አይደለም። ድሃውን በጎርፍ መንገድ ላይ ትቶ «አዘንኩለት» ማለት ምሕረት አይባልም፤ መጠጊያ ሳይሰጡ ማስነሣትም ሕግ ማስከበር አይባልም።

ደግሞም ሕጉ የጨረቃ ቤት ሲያይ ዐይኑ የሚበራ፣ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃና ረጅም የግንብ አጥር ሲያይ የሚጨልም ከሆነ ሕግነቱ ይቀራል። ለድሃና ለባለጠጋ ፊት አይቶ መፍረድ በኦሪት የተከለከለ ነው (ዘሌ. 19፥15)። መለኪያው ገመድ ከወንዙ ሲዘረጋ ለሁሉም አጥር እኩል ይዘርጋ።

ረ. ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ቤተ ክርስቲያናችን በቅዳሴዋ ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዞች ውኃ፣ ስለ ምድርም ፍሬ ትጸልያለች። እኛም ቆመን እንሰማለን፤ «አቤቱ ይቅር በለን» እያልን እንቀበላለን። የለመንነውን ነገር መጠበቅ ደግሞ የጸሎቱ ተከታይ ነው። ስለዚህ በሰንበት ትምህርት ቤታችን እነዚህን ሥራዎች እንድንጀምር እናሳስባለን።

አንደኛ፤ በየአጥቢያችን ያለውን ወንዝ፣ ጅረትና ረግረግ እንወቅ። በነሐሴ ውኃው እስከ የት እንደሚደርስ በዕድሜ የገፉትን የሰፈር ሰዎች እንጠይቅ፤ ጽፈንም እናስቀምጥ። የወንዝ ድንበር ምስክሮች እነርሱ ናቸውና ሳያልፉ እንጠይቃቸው።

ሁለተኛ፤ በመካከላችን ሕግ የሚማሩ፣ ምሕንድስና የሚማሩ፣ ስለ ከተማ ፕላን የሚማሩ አሉ። በወረዳና በክፍለ ከተማ ሄደው የአካባቢያችን ፕላን ለወንዙ ምን ያህል ስፍራ እንደተወ ይጠይቁ፤ በጉባኤያችንም ያስረዱን።

ሦስተኛ፤ ቤተሰቦቻችን ቦታ ሲገዙ ወይም ሲያጥሩ «ይህ ቦታ በክረምት የማን ነው?» ብለን በአክብሮት እንጠይቅ። ልጅ አባቱን ማስተማር ባይቀናውም መጠየቅ ይችላል።

አራተኛ፤ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር እንጀምር። የጉባኤና የበዓል ቀን ፕላስቲክና ፍሳሽ ወደ ጅረት እንዳይወርድ ሰበካ ጉባኤውን እናግዝ። ቅጽራችን ከወንዝ ጋር በሚዋሰንበት ቦታ ደግሞ አገር በቀል ዛፍ ተክለን ዳርቻውን ለወንዙ እንተውለት። ይህን ሳናደርግ ሌላውን ብንወቅስ ማን ይሰማናል?

አምስተኛ፤ ከወንዝ ዳር የሚነሡ ቤተሰቦች በአጥቢያችን ሲኖሩ የት እንደደረሱ እንጠይቅ፤ ልጆቻቸው ከትምህርት እንዳይቀሩ የተቻለንን እንርዳ።

እግዚአብሔር አዳምን በገነት ያኖረው ያበጃትና ይጠብቃት ዘንድ ነው (ዘፍ. 2፥15)። ከዚያች ገነት ወንዝ ይወጣ እንደነበር እዚያው ላይ ተጽፏል (ዘፍ. 2፥10)። ቅዱስ ዮሐንስም በራእዩ በመጨረሻይቱ ከተማ መካከል እንደ ብርሌ የጠራ የሕይወት ውኃ ወንዝ፣ በዳርና ዳሩም የሕይወትን ዛፍ አይቷል (ራእ. 22፥1-2)። በዚያች ከተማ ለወንዙ ስፍራ ተትቶለታል፤ ዳርቻውም የዛፍ ነው። ወደዚያች ከተማ ለመግባት ተስፋ የምናደርግ ሁላችን ዛሬ በምንኖርባት ከተማ የወንዙን ድንበር ከመግፋት እንድንጠበቅ የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።